ስለ መንግሥት ሥራና ስለ ግል ሥራ ምርጫ

ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር ከሚመርጣቸው ነገሮች ሁሉ የዕድሜውን ይበልጥ ክፍል የሚወስደው የሥራው ምርጫ ነው። ስለ ጋብቻው ከቤተ ዘመድ ጋራ ይመክራል፤ ቤት ከመሥራቱም በፊት ቦታውን ይመረምራል፤ ሥራውን ግን ብዙ ጊዜ ሳይመረምር፣ ወላጆቹ የተመኙለትን ወይም ጎረቤቱ ያገኘውን ብቻ አይቶ ይገባበታል። ከዚህም የተነሣ ሠላሳ ዓመት የሚሄድበትን መንገድ በአንድ ሳምንት አሳብ የቈረጠ ሰው፣ ስሕተቱን የሚያውቀው መመለሻው ከራቀ በኋላ ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው ጐዳና ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ግንጪን፣ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን እያያያዘ ያልፋል። በእነዚህ ከተሞች ሁሉ የአንድ ቤት ልጅ ትምህርቱን ሲፈጽም በዘመድ መካከል የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም የመንግሥት ሥራ ይግባ ወይስ በግል ይሥራ የሚል ነው። አምቦ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ስለ ሆነች የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶች የተሰበሰቡባት ናት፤ ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታልም አሏት። በአቅራቢያዋ ደግሞ በስሟ የሚጠራው የማዕድን ውሃ ፋብሪካ፣ በዋናው ጐዳናዋም የባንኮች ቅርንጫፎችና የነጋዴ ቤቶች ይገኛሉ። ስለዚህ ጥያቄው ለአምቦ ልጅ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ ሁለቱ በሮች በአንድ ጐዳና ላይ ተከፍተው ይታዩታል።

ወላጆች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። የመንግሥት ሥራ ገቢው ጥቂት ቢሆንም አይቋረጥም፤ በሽታ ቢመጣ ወይም እርጅና ቢደርስ መጠጊያ አለው፤ የግል ሥራ ግን የአሠሪው ፊት በጠቈረ ቀን ያበቃል ይላሉ። ልጆችም በበኩላቸው፣ የመንግሥት ደመወዝ ወር አያደርስም፤ ብልሃትና ትጋት ያለው ሰው በግል ሥራ በአጭር ጊዜ ራሱን ያቋቁማል ብለው ይመልሳሉ። በሁለቱም ወገን ንግግር እውነት አለበት። ነገር ግን ሁለቱም የሚመዝኑት በአንድ ሚዛን ብቻ ነው፤ ይኸውም ሥራው ለሠራተኛው ምን ይሰጠዋል የሚል ነው። ሠራተኛውስ ለማን ምን ይሰጣል የሚለው ጥያቄ ሳይነሣ የቤተ ዘመዱ ጕባኤ ይበተናል።

በኢትዮጵያ የመንግሥት ሥራ የተከበረበት ምክንያት ጥንታዊ ነው። በቀድሞው ዘመን ርስትና ጉልትም፣ ማዕርግም፣ ፍርድም ከቤተ መንግሥት ይጠበቁ ስለ ነበረ፣ ዕድሉን ለማቃናት የሚፈልግ ሰው በመኳንንት በር ደጅ ይጠና ነበር። ደጅ ጥናት ትዕግሥትንና የንግግርን ሥርዐት ያስተምር ስለ ነበረ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። ዳሩ ግን ደጅ ሲጠና የኖረ ሰው እርሻው ይታጐልበታል፤ በተሾመም ጊዜ የጐደለውን ለመሙላት ይቸኩላል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት የወጣው፣ ሹመት የሕዝብ አደራ መሆኑ ቀርቶ እንደ ግል ገቢ ከሚቈጠርበት ልማድ ነው። ይህ ተረት በአፍ ሲነገር ቀልድ ይመስላል፤ በልብ ያደረ እንደ ሆነ ግን የአንድን መሥሪያ ቤት መሠረት የሚበላ ምስጥ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። በዚያው ዓመት ደግሞ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክለውን አዋጅ አስነገሩ። በዚህም አዋጅ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው፣ ገበሬውና ነጋዴው፣ እንዲሁም ጸሐፊውና የቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ በሙያቸው እንዳይነቀፉ ተደነገገ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መደረጋቸው ለሚያስተውል ሰው ታላቅ ትምህርት አለው። የመንግሥቱ ሥራ ሥርዐት እንዲይዝ ሲታሰብ፣ ከመንግሥት ሥራ ውጭ በእጁና በብልሃቱ የሚያድረው ሰው ክብርም አብሮ ታስቧል። ነገር ግን ከሁለቱ ዘሮች አንደኛው ፈጥኖ አደገ፤ ሁለተኛው ዘገየ። የሚኒስቴሮችና የጽሕፈት ቤቶች ቍጥር በየዘመኑ ሲበዛ፣ በግል ሙያ የሚኖረውን ሰው ማክበር ግን በአዋጁ ፍጥነት ወደ ሰው ልብ አልገባም።

ከዚያም በኋላ የመጣው ዘመን ይህንኑ ልማድ አጸናው። አምቦ ላይ በ1939 ዓ.ም. የተመሠረተው ትምህርት ቤት የእርሻ ትምህርት ማዕከል፣ ቀጥሎም ኮሌጅ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን በቃ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተማረ ሰው እጅግ ጥቂት ስለ ነበረና ይልቁንም የሚፈልገው መንግሥት ስለ ነበረ፣ ትምህርትና የመንግሥት ሥራ በሕዝቡ አሳብ እንደ አንድ ነገር ተቈጠሩ። በ1955 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ የመንግሥት ሠራተኛ እርጅናውን የሚጦርበት ሕግ አገኘ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ይህን የመሰለ ሕግ አላገኘም ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና ታላላቅ ፋብሪካዎች በደርግ ትእዛዝ የመንግሥት ሀብት ሆኑ። ከዚያ በኋላ ከኮሌጅ የሚወጣው ወጣት መንግሥት በመደበው ቦታ ይሠራ ስለ ነበረ፣ ምርጫ የሚባለው ነገር ራሱ ጠፋ። እንግዲህ ዛሬ አንድ አባት ልጁን የመንግሥት ሥራ ያዝ ብሎ ሲመክር ያለ ምክንያት የሚናገር ሽማግሌ አይደለም፤ በዘመኑ ያየውን እውነት መናገሩ ነው። የሚያስፈልገው ያ እውነት እስከ ዛሬ ጸንቶ መኖሩን መመርመር ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ተለውጧል። በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ ሲመሠረት የግል ባንክ ሥራ እንደ ገና ተጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ተከተለ። የአምቦም ውሃ ታሪክ ይህንኑ ለውጥ ያሳያል። ከ1922 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጠርሙስ ሲታሸግ የኖረው ይህ ውሃ በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ነበረ፤ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የፋብሪካው አብዛኛው ድርሻ ወደ ግል ኩባንያ ተላለፈ። ምንጩ አልተለወጠም፤ የውሃውም ጣዕም ያው ነው፤ ሠራተኛው ግን ከሥፍራው ሳይነቃነቅ የመንግሥት ሠራተኛ መባሉ ቀርቶ የግል ሠራተኛ ተባለ። በሁለቱ መካከል አለ የሚባለው ታላቅ ገደል በአንድ የሽያጭ ውል የሚሻገሩት ከሆነ፣ ጥልቀቱ በወሬ የሚነገረውን ያህል አይደለም ማለት ነው።

ከዚህም የሚበልጥ ምስክር በዚያው በምዕራብ ሸዋ፣ በአዳ በርጋ ወረዳ ይገኛል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተተከለው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ የመንግሥት ድርጅት ነው። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ ናይጄሪያዊው ባለጠጋ አሊኮ ዳንጎቴ ያቋቋመው፣ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን ሲሚንቶ ለማምረት የታቀደው የግል ፋብሪካ በዚያው ወረዳ ተመረቀ። ሁለቱም ከአንድ ምድር ድንጋይ እየፈለጡ፣ በአንድ ዐይነት እቶን እያቃጠሉ፣ ለአንድ ገበያ ያቀርባሉ። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር ደግሞ አለ፤ ይኸውም የመንግሥት የልማት ድርጅት ሠራተኛ የሚተዳደረው በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ሳይሆን፣ እንደ ግሉ ድርጅት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ነው። ስለዚህ «መንግሥት ቤት ገባ» የሚለው ቃል አንድ ትርጕም ብቻ የለውም። በዞን ጽሕፈት ቤት የተቀጠረውና በመንግሥት ፋብሪካ የተቀጠረው ሰው ስማቸው አንድ ሲሆን ሕጋቸው ሁለት ነው።

ስለ ጡረታም ቢሆን በ2003 ዓ.ም. የወጡት ሁለት አዋጆች የቀድሞውን ልዩነት አጠበቡት። በአዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኛ የጡረታ መብት አገኘ፤ ይህም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ታድሷል። አሠሪው ከደመወዙ በመቶ 11፣ ሠራተኛው በመቶ 7 ያዋጣል፤ መደበኛው የጡረታ ዕድሜም በሁለቱም ወገን 60 ዓመት ነው። ከ1955 እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ አርባ ስምንት ዓመት የኖረው ልዩነት በዚህ ተዘጋ። የወሊድ ፈቃድም ቢሆን በ2010 ዓ.ም. በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ በሁለቱም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሆኖ ተወስኗል። የቀረው ልዩነት በዕረፍትና በሰዓት ነው። የግሉ ሠራተኛ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ዕረፍት ሲያገኝ፣ የ2010ሩ አዋጅ ለመንግሥት ሠራተኛ 20 ቀን ሰጥቶ ነበር፤ የግሉ ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በሳምንት እስከ 48 ሲደርስ፣ የመንግሥቱ ከ39 እንዳይበልጥ ያው አዋጅ ወስኖ ነበር። የፌዴራሉ የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ በ2017 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ ተተክቷል፤ ክልሉም ለሠራተኞቹ የራሱ ሕግ ስላለው፣ የሚቀጠር ሰው በየትኛው ሕግ እንደሚተዳደር አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

የደመወዙ ነገር ከሁሉ ይልቅ ይነገራል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በቍርጥ ደመወዝ የሚኖር ሰው ኑሮው ከበደበት። መንግሥትም በ2017 ዓ.ም. የዝቅተኛውን ሠራተኛ ደመወዝ 4,760 ብር አደረሰው፤ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ እንዲል፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር እንዲያድግ፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ አዲስ የሚቀጠረውም በ6,940 ፈንታ 11,500 ብር እንዲያገኝ ወሰነ። በግል ሥራ እንዲህ ያለ አንድ ሠንጠረዥ የለም። ታላቁ ባንክና ታላቁ ፋብሪካ ከዚህ በላይ ሊከፍሉ ይችላሉ፤ በአንድ ትንሽ ሱቅ ወይም በአንድ ጋራዥ የሚሠራው ግን ከዚህ በታች ያገኝ ይሆናል። እንግዲህ የግል ሥራ ደመወዙ ብዙ ነው ብሎ በጅምላ መናገር፣ የአምቦን ገበያ ዋጋ ሳይጠይቁ በግንጪ ዋጋ እንደ መሸጥ ነው።

የግል ሥራ የሚነቀፍበት እውነተኛ ነገር ሌላ ነው። ሕጉ በሚገባ ተጽፎ ሳለ በብዙ ትንንሽ ድርጅቶች ዘንድ አይፈጸምም። ሠራተኛው ያለ ጽሑፍ ውል ይቀጠራል፤ የጡረታው መዋጮ ይቈረጥ አይቈረጥ አያውቅም። አዋጁ ግን ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደ ሆነ፣ አሠሪው የውሉን ነገር የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት በ15 ቀን ውስጥ ለሠራተኛው እንዲሰጥ ያዛል። ወደ ግል ሥራ የሚሄድ ወጣት ስለ ደመወዙ ከመጠየቁ በፊት ውሉንና የጡረታ ምዝገባውን ቢጠይቅ፣ አባቱ የሚፈራለትን ፍርሃት እኵሌታውን ያስወግዳል።

እንግዲህ ጡረታውን ሕግ ካቀራረበው፣ ደመወዙም በያንዳንዱ ቦታ የሚለያይ ከሆነ፣ በሁለቱ ሥራዎች መካከል የሚቀረው እውነተኛ ልዩነት ምንድን ነው? ልዩነቱ በሠራተኛው በኩል ሳይሆን በተገልጋዩ በኩል ይገኛል። በአንድ ባንክ በሚገባ ያልተስተናገደ ሰው ጐዳናውን ተሻግሮ ወደ ሌላው ባንክ ይገባል። የአንዱ ፋብሪካ ሲሚንቶ ያልተስማማው ግንበኛ የሌላውን ይገዛል። ነጋዴ ቢያመናጭቀው ገበያተኛው ዘንቢሉን አንሥቶ ይሄዳል። ነገር ግን ከኖኖ ወይም ከሚዳቀኝ ተነሥቶ፣ የመሬቱን ክርክር ወይም የልጁን ማስረጃ ይዞ አምቦ ድረስ የመጣ ገበሬ የሚሄድበት ሌላ በር የለውም። ጽሕፈት ቤቱ አንድ ነው፤ ማኅተሙም አንድ ነው። ባለጕዳዩን ነገ ተመለስ ያለው ሠራተኛ ለራሱ አንድ ቃል ብቻ መናገሩ ነው፤ ለዚያ ገበሬ ግን የመሳፈሪያ ዋጋ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያና የአንድ ቀን እርሻ ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ ቢሰንፍ ድርጅቱ ይከስራል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ቢሰንፍ ኪሳራው በደጅ በቆመው ሰው ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ የመንግሥትን ሥራ መምረጥ፣ ሌላ መሄጃ ለሌለው ሰው አገልጋይ መሆንን መምረጥ ነው። ይህን የሚወድ ሰው ደመወዙ መካከለኛ ቢሆንም ሥራው ይስማማዋል። ዕረፍት ስለሚበዛበትና ሰዓቱ ስለሚያጥር ብቻ የመረጠው ግን ለራሱም አይደሰትም፤ ለባለጕዳዩም ሸክም ይሆናል። እንደዚሁም ሁሉ ትርፍን የሚወድ፣ አደጋን ሞክሮ ለማሸነፍ ልብ ያለው ሰው ወደ ንግድና ወደ ግል ሥራ ቢሄድ አያሳፍረውም፤ በእውነተኛ ሚዛን ሸጦ ለሠራተኛው በጊዜው የሚከፍል ባለጠጋ ለአገሩ አገልጋይ ነው። ከሁለቱ ይልቅ የሚከፋው ሦስተኛው መንገድ ነው። ይኸውም በመንግሥት ወንበር ተቀምጦ አሳቡን በግል ንግዱ ላይ የሚያኖር፣ ወንበሩን ለዋስትና ብቻ የያዘ ሰው መንገድ ነው። እንዲህ ያለው ሰው የመንግሥትን ሰዓት ለገበያው፣ የመንግሥትንም ማኅተም ለጥቅሙ ሲያውል፣ ከአንዱ ዋስትናን ከሌላው ትርፍን እየወሰደ ለሁለቱም ዕዳውን አይከፍልም።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ሁለቱን ሥራዎች በየቦታቸው ያከብራሉ። ዮሴፍ በፈርዖን ቤት ተሹሞ በጥጋቡ ዘመን እህል ባያከማች ኖሮ፣ በረኃቡ ዘመን ግብፅም የያዕቆብም ቤት በተጨነቁ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋራ ድንኳን እየሰፋ በእጁ ሥራ ይተዳደር ነበር፤ ይህም የሐዋርያነቱን ክብር አልቀነሰበትም። መጥምቁ ዮሐንስ ቀራጮችና ጭፍሮች ምን እናድርግ ብለው በጠየቁት ጊዜ ሥራችሁን ተዉ አላላቸውም፤ ቀራጮቹን ከታዘዘው በላይ እንዳይወስዱ፣ ጭፍሮቹንም ሰው ሳያስጨንቁ በደመወዛቸው እንዲረኩ መከራቸው። የብራና ፋቂውና የቍም ጸሐፊውም ኑሮ ለዚህ ምስክር ነው። በቤተ ክህነት ጥላ ሥር ሆነው በእጅ ሙያቸው እየኖሩ መጻሕፍትን ለትውልድ ያቈዩት እነርሱ ናቸው።

ሌላው ሊታሰብ የሚገባው ነገር የሚባክነው ጊዜ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት። ያን ፈተና አልፎ ወደ ቤቱ የተመለሰ ወጣት፣ የመንግሥት ቅጥር ማስታወቂያ እስኪለጠፍ ድረስ ሁለትና ሦስት ዓመት በወላጆቹ እጅ ላይ ሲቀመጥ ይታያል። ይህ የድሮው ደጅ ጥናት ልብሱን ለውጦ መመለሱ ነው፤ መኳንንቱ ቀርተው የማስታወቂያ ሰሌዳው በቦታቸው ቆሟል። በቻይና አገር 1,300 ዓመት ያህል የኖረ የመንግሥት ሥራ ፈተና ነበረ። ሰውን በዘሩ ሳይሆን በዕውቀቱ መሾሙ የሚመሰገን ነገር ነበር፤ ነገር ግን ብዙዎች ሹመቱን ሲጠባበቁ ፀጕራቸው ይሸብት ስለ ነበረ፣ ሌላው ሙያ የአእምሮአቸውን ፍሬ አጣ። በመጨረሻም ፈተናው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 ተሻረ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ሁለት ነው፤ ሹመት በችሎታ ይሁን፤ ችሎታ ሁሉ ግን ሹመትን አይጠብቅ።

እንግዲህ ከሹማምንት የሚፈለገው ቅጥር በችሎታ ብቻ እንዲፈጸም መትጋት ነው። ቅጥሩ በዝምድናና በእጅ መንሻ የሚፈጸም እንደ ሆነ፣ በእውነት ለማገልገል የሚወደው ወጣት ተስፋ ቈርጦ ይሄዳል፤ ወንበሩም ለማረፍ ለሚፈልገው ይቀራል። የተቀጠረውም ሰው የሚመዘነው በቢሮው በመገኘቱ ሳይሆን በሸኘው ባለጕዳይ ቍጥርና እርካታ ቢሆን፣ ሰነፉ ራሱ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። በሌላ በኩል የግል ድርጅቶችን የሚቈጣጠሩት ጽሕፈት ቤቶች የሠራተኛው ውልና የጡረታ መዋጮ በሕጉ መሠረት መፈጸሙን በየጊዜው ቢመረምሩ፣ የግል ሥራ በወላጆች ዘንድ የሚፈራ መሆኑ ይቀራል።

ካህናትም በዚህ ነገር ታላቅ ድርሻ አላቸው። የንስሐ አባት በቤተ ሰብ ምክር ላይ ቃሉ ይሰማል። ልጁ የመንግሥት ሥራ ሲያገኝ ብቻ እግዚአብሔር ይመስገን ተብሎ፣ ሱቅ ሲከፍት ወይም ፋብሪካ ሲገባ ቤቱ ዝም የሚል እንደ ሆነ፣ ያ ዝምታ ለልጁ ስድብ ነው። ሁለቱም ሥራ እኩል ቢባረክ፣ ወጣቱ የሰውን ፊት ሳይፈራ እንደ ተፈጥሮው ይመርጣል። ይልቁንም የንስሐ አባት የመንግሥት ሥራ የያዘውን ልጁን በየጊዜው አንድ ነገር ቢጠይቀው መልካም ነው፤ ይኸውም በዚህ ወር ከበርህ ያለ መልስ የተመለሰ ሰው አለን የሚል ነው።

ወላጅም ቢሆን ልጁን ሲመክር ደመወዙንና ጡረታውን አስልቶ አይፈጽም። ልጁ የማያውቀውን ሰው ጕዳይ እንደ ራሱ ጕዳይ አድርጎ የሚታገሥ መሆኑን ከልጅነቱ ጀምሮ ያየው አባቱ ነው። ትዕግሥቱን ያየ ወደ መንግሥት ሥራ ይምራው፤ ድፍረቱንና ትጋቱን ያየ ወደ ግል ሥራ ይልቀቀው። የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የሚያድጉት ልጆቻቸው ሁሉ ወደ አንዱ በር ሲጋፉ አይደለም፤ በሁለቱም በር የገባው በገባበት ቦታ ለቆመበት ዓላማ ሲሠራ ነው። ከኖኖ የመጣው ገበሬም ጕዳዩን በአንድ ቀን ፈጽሞ፣ ገበያውን ገብይቶ፣ ሳይመሽ ወደ አገሩ የተመለሰ እንደ ሆነ፣ በሁለቱም በሮች ያሉት ሰዎች ሥራቸውን በሚገባ መምረጣቸው የሚታወቀው በዚያን ጊዜ ነው።